የላስታ ተሳላሚዎችና የላሊበላ ቃል ኪዳን

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መዳን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ምእመኑ በእምነት፣ በጥምቀት፣ በንስሓ፣ በቍርባንና በምግባር ይሳተፈዋል። ከዚህ ጋር እግዚአብሔር ለወዳጆቹ የገባው ቃል ኪዳን ለተማፀኗቸው ሁሉ ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። በላስታ ይህ እምነት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ተቆራኝቷል።

ላሊበላ በ12ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጕዌ ንጉሥ ነው። በሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በስሙ ይጠራሉ። ጎልጎታ፣ ዮርዳኖስ፣ የአዳም መቃብር የሚሉት ስያሜዎች ኢየሩሳሌምን ወደ ላስታ ያመጣሉ። ሳላዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌምን መያዙ ብዙ ጊዜ ለዚህ ምክንያት ተደርጎ ይነገራል። ሆኖም ሕንጻዎቹ ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን እንዳልተፈለፈሉ የሚያሳይ ምልክት ስላለ፣ ነገሩን በዚህ ብቻ መዝጋት ያዳግታል።

ለንጉሡ የተገባውን ቃል ኪዳን ያሰፈረው ከንጉሡ ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈው ገድሉ ነው። ላሊበላን የተሳለመ ኢየሩሳሌምን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል የሚለው የምእመናን ተስፋ በዚሁ ቃል ኪዳን ላይ የቆመ ነው። ባሕር ተሻግሮ መሄድ ለማይችል ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ተስፋው እስከ መቃብር ይዘልቃል። ከ11ዱ አንዱ በሆነው በቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ በተፈለፈለው ግድግዳ ጕድጓዶች ውስጥ የደረቀ አስከሬን ይታያል፤ የተሳላሚዎች ነው ይባላል። እዚያው ላስታ በሚገኘው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻም ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ብዙ አፅም ተከማችቷል። በቤተ ጎልጎታ የንጉሡ መቃብር አለ ተብሎ ስለሚታመን ከስፍራው አፈር ለፈውስ ይወሰዳል፤ ሴቶች ግን ወደዚህ ቤተ መቅደስ አይገቡም።

የጉዞው ዋና ጊዜ ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ገና ነው፤ የንጉሡ ልደትም በዚሁ ቀን ይታሰባል። ተሳላሚው ስንቁን፣ በሶና ዳቦ ቆሎውን ይዞ ለቀናት በእግሩ ይጓዛል። ከተማው ሲደርስ ነዋሪዎች ውሃ አቅርበው እግሩን ያጥባሉ፤ ለእንግዳ የተደረገ በረከት ያስገኛል ብለው ነው። በበዓሉ ማለዳ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሎቹ ከዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ሰኔ 12 የሚውለው የንጉሡ ዕረፍት የክረምት መግቢያ ላይ በመሆኑ የእግር ጉዞው የሚበረታው ለገና ነው።