የሰማይ ድንበር

ከሄልሲንኪ እስከ ቶኪዮ በቀጥተኛው የአየር መስመር ወደ 7,800 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ርቀት ባለፉት አርባ ዓመታት ፈቀቅ አላለም። የጉዞው ሰዓት ግን በእጅጉ አጥሮ፣ ተመልሶ ረዝሟል፤ ምክንያቱም ፖለቲካ ነው። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ሰፊ ሰማይ የሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ነበር። ፊንላንድ ገለልተኛ አገር ነበረች፤ ከ1948 ጀምሮም ከሞስኮ ጋር የወዳጅነት ውል ነበራት። ውሉ ግን አቋራጩን መንገድ አልከፈተላትም። ስለዚህ የፊንላንድ አየር መንገድ ፊንኤር በኤፕሪል 1983 ከአውሮፓ ወደ ጃፓን የመጀመሪያውን ያለ ማረፊያ በረራ ሲጀምር፣ አውሮፕላኑ ሽቅብ ወደ ሰሜን ዋልታ ወጥቶ፣ በአላስካና በሳይቤሪያ መካከል ዞሮ ወደ ቶኪዮ ይወርድ ነበር። ጉዞው 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ መስመሩን ስቶ ወደ ሶቪየት ሰማይ የገባ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን በሚሳይል ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። የተዘጋ ሰማይ ምን ማለት እንደሆነ ዓለም ያን ቀን አየ።

በኋላ የሳይቤሪያ ሰማይ ሲከፈት ጉዞው ወደ 9 ሰዓት ተኩል ወረደ። ፊንላንድም በዚህ አጭር መንገድ ተማምና ዋና ከተማዋን የአውሮፓና የእስያ መሸጋገሪያ አደረገች። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ አውሮፓውያን ሰማያቸውን ዘጉባት፤ እርሷም አጸፋውን መለሰች። በማርች የቶኪዮው በረራ ወደ ዋልታው መንገድ፣ ሰዓቱም ወደ 13 ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ስለ ፊንላንድ አዝኜ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በ1998 ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህ መንገድ ተዘጋ። ለሃያ ዓመታት፣ ዘመዱን ሊጠይቅ የተነሣ ሰው በሦስተኛ አገር በኩል ካልዞረ በቀር መድረሻ አልነበረውም። ጁላይ 18 ቀን 2018 በረራው ሲቀጥል በአሥመራ አውሮፕላን ማረፊያ የተላቀሱትን ሰዎች ያየ አይረሳቸውም። በሴፕቴምበር 2024 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን እንደገና አቋረጠ።

ለሄልሲንኪው መንገደኛ የመንግሥታት ጠብ ዋጋ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በመስኮት በረዶውን እያየ ይከፍለዋል። የአንድ ሰዓት መንገድ ሃያ ዓመት የፈጀባቸው፣ የእናታቸው ቀብር ያመለጣቸው የእኛ ሰዎች የከፈሉትን ግን የትኛው የበረራ ሰሌዳ ይመዘግበዋል?