ቅስት፣ ደጋንና ዝላይ

እንግሊዝኛውን «ቮልት» ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አንድ ቃል ይበቃኛል ቢል ይሳሳታል። በአንድ ገጽ ላይ ጎብጦ የታነጸ የድንጋይ ጣሪያ ነው፤ በሌላው የባንክ ካዝና፤ በስፖርት ዓምድ ደግሞ የምርኩዝ ዝላይ። የኤሌክትሪኩ ቮልት ብቻ ከዚህ ዘር አይቆጠርም፤ እርሱ በኢጣሊያዊው ሊቅ በአሌሳንድሮ ቮልታ ስም የተሰየመ ነው።

የቃሉ ሥር መዞርንና መጠቅለልን የሚገልጽ የላቲን ግሥ ነው። ጣሪያው ከአንዱ ግድግዳ ተነሥቶ፣ ዞሮ በሌላው ላይ ስለሚያርፍ በዚህ ተጠራ። በዚሁ ጥበብ የተሠራው የምድር ቤት የገንዘብ ማኖሪያ ሲሆን ስሙን ይዞ ቀረ። ዝላዩም ከዚያው ሥር በኢጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ አድርጎ የመጣ ነው።

አማርኛ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው፤ መነሻው የጦር መሣሪያ ነው። ከግእዙ ቀስት ቅስት ተገኘ፤ በሰማይ ሲታይም ቀስተ ደመና ተባለ። ደጋንም ቀስቱን፣ የጥጥ መንደፊያውንና የመሰንቆ መምቻውን በአንድ ስም ይጠራል። ላቲኖችም ለቀስትና ለቅስት አንድ ቃል ነበራቸው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይመካከሩ አንድ ምስል ማየታቸው ያስደንቃል።

በጎንደር ከተማ ከአራዳ ወደ ፋሲል ግቢ የሚዘልቅ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ዐፄ ፋሲለደስ (1632-1667 እ.ኤ.አ.) ባሳነጹት ግንብ የማዕዘን ማማዎቹ እንቁላል በመሰለ ጉልላት ተከድነዋል፤ በሮቹና መስኮቶቹ ግን ቅስት ናቸው። ሁሉን ጉልላት ማለት ስሕተት ነው፤ ግንብ የሚጠግን ሠራተኛ ልዩነቱን ማወቅ አለበት። በቅስት ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ይጨናነቃሉ፤ ክብደቱም ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ግድግዳው ወፍራም፣ ማያያዣውም ኖራ ሆነ። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግን ሲሚንቶና አርማታ ገባ፤ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በተደረገው ጥገና ወደ ኖራው መመለስ አስፈለገ።

የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ ራሱ ጎባጣ ነበር። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ቮልት» የሚለው ቃል ባለቤቶች የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ኢጣሊያኖችን ሲደበድቡ ቦምባቸው አረፈበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሙሉ ጣሪያ አልነበረውም።