በዓለም እጅግ አጭሩ መደበኛ በረራ
ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች፣ ከዌስትሬይ እስከ ፓፓ ዌስትሬይ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለበረራው የተመደበው ጊዜ 2 ደቂቃ ሲሆን፣ ነፋሱ ሲያግዝ ከዚያም ያነሰ ይፈጃል፤ ፈጣኑ በረራ በ53 ሰከንድ ተጠናቋል። ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ አገልግሎቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው።

ርቀቱ በየብስ ቢሆን ኖሮ በእግር ከግማሽ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ነበር። ነገር ግን ደሴቶቹን ባሕር ይለያቸዋል፤ የሚያገናኛቸውም ድልድይ የለም። ጀልባ ቢኖርም ጉዞው በባሕሩ ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ለጎብኚዎች አስደናቂ የሆነው ይህ አጭር በረራ፣ ለመምህራን፣ ለሐኪሞችና ለሕሙማን የዘወትር መንገዳቸው ነው።