ገሣጩ ሹም

በ626 እ.ኤ.አ. የታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል ሊ ሺሚን በቻንግአን ቤተ መንግሥት ሰሜናዊ በር አድፍጦ ሁለት ወንድሞቹን ገደለ፤ አንደኛው አልጋ ወራሹ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አባቱ ዙፋኑን ለቀቀለት። ታይዞንግ ተብሎ የነገሠው ይኸው ሰው ዛሬ በቻይና የመልካም አስተዳደር ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። አጀማመሩን ያየ ማን ይገምታል?

ካስጠራቸው ሰዎች አንዱ የሟቹ አልጋ ወራሽ አማካሪ ዌይ ዠንግ ነበር። ሺሚንን ቀድመህ አስወግደው እያለ ጌታውን ሲወተውት የከረመ ሰው ነው። በወንድማማቾች መካከል ለምን ነገር ዘራህ ቢባል፣ አልጋ ወራሹ ምክሬን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ባልበቃ ነበር ሲል መለሰ። ሰይፍ ሲጠበቅ ሹመት መጣ፤ ያውም ንጉሡን የመገሠጽ ሹመት።

ሹመቱ በቻይና ጥንትም የነበረ ነው። የጠፋው ሰሚ ነበር። ታይዞንግ ጆሮ የሰጠው በደግነት ብቻ አይመስለኝም። የሱይ ሥርወ መንግሥት ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው በ618 ሲፈርስ በዓይኑ አይቷል። የሱይ ንጉሥ ያንግ ገበሬውን በታላቁ ቦይ ቁፋሮ አደከመው፤ በዚያ ላይ ጎጉርዮ በተባለው የኮሪያ መንግሥት ላይ ሦስት ጊዜ አዘመተው። በመጨረሻ አገሩ ሸፈተ።

ታይዞንግ አንድ ቀን በጭልፊት ሲጫወት ዌይ ዠንግ ሲመጣ አይቶ ወፉን ብብቱ ውስጥ ሸሸገ ይባላል። ሹሙ ነገሩን አስረዘመ፤ ጭልፊቱም እዚያው ታፍኖ ሞተ። ሌላ ጊዜ ንጉሡ ያንን ባላገር እገድለዋለሁ እያለ ወደ እልፍኝ ገባ። እቴጌ ዣንግሱን ምንም ሳትል የክብር ልብሷን ለብሳ ወጣችና ደስ ይበልህ አለችው፤ ሹም እንዲህ የሚደፍረው ንጉሡ አስተዋይ ቢሆን ነው ብላ። ዜና መዋዕሉን የጻፉት ሹማምንት ናቸውና ተግሣጹን ትንሽ ቢያጎሉት አይፈረድባቸውም።

ሹማምንቱ ያልሸሸጉት ሌላም ነገር አለ። ዌይ ዠንግ በ643 ሲሞት ንጉሡ አልቅሶ የሐውልቱን ጽሑፍ ራሱ ጻፈለት። ብዙም ሳይቆይ ሟቹ ለሹመት ያጫቸው ሁለት ሰዎች በሴራ ተጠረጠሩ፤ የተግሣጽ ጽሑፎቹንም ለታሪክ ጸሐፊው ያሳይ እንደነበር ተሰማ። ታይዞንግ ሐውልቱን አስገለበጠ፤ ልጁን ለሟቹ ልጅ ሊድር የገባውንም ቃል አጠፈ።

በ645 ራሱ በጎጉርዮ ላይ ዘመተ። አንሺ የሚባል ምሽግ አልበገር አለው፤ ብርዱ ገባ፤ ስንቁ አለቀ። ሲመለስ፣ ዌይ ዠንግ ቢኖር ኖሮ ይህን ዘመቻ ባላስጀመረኝ ነበር ብሎ ተጸጸተና ሐውልቱን መልሶ አስቆመ። በ647 እና በ648 ግን እንደገና ጦር ላከ። በ649 ሲሞት ከሁሉም የሚበልጥ ዘመቻ እያሰናዳ ነበር።