የዳኛ ደመወዝ በማን እጅ ይሁን?

ዳኛን ለማስጎንበስ የግድ ጉቦ አያስፈልግም፤ የደመወዙን ቋት መያዝ ይበቃል። በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች የሚተዳደሩት የእንደራሴዎች ምክር ቤት በየዓመቱ በሚፈቅድላቸው አነስተኛ ገንዘብ ነበር። በ1772 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ከጉምሩክ ገቢ ሊከፍላቸው መወሰኑ ሲሰማ ቦስተን ተቆጣች። በንጉሡ ፈቃድ የሚሻርና ከንጉሡ የሚከፈለው ዳኛ፣ ንጉሡን በሚነካ ክርክር ማንን ይፈራል? የተቃውሞው መሪ ሳሙኤል አዳምስና ወዳጆቻቸው ከተሞችን በደብዳቤ የሚያገናኘውን ኮሚቴ ያቋቋሙት በዚህ ቁጣ መካከል ነው። በ1774 ሌሎቹ አራት ዳኞች የንጉሡን ደመወዝ ሲተዉ ዋና ዳኛው ፒተር ኦሊቨር አሻፈረኝ አሉ። ምክር ቤቱ ከሰሳቸው፤ ለጁሪነት የተጠሩ ዜጎችም በእሳቸው ችሎት አንቀመጥም አሉ። በ1776ቱ የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ንጉሡ ከተከሰሰባቸው በደሎች አንዱ ዳኞችን በደመወዝ የራሱ ጥገኛ ማድረጉ ነበር።

ይሁንና ምክር ቤቱም ቢሆን በየዓመቱ የሚሰጥና የሚነሳ ጌታ ነበር። ስለዚህ በ1787 በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች የዳኛ ደመወዝ በሥራ ላይ እያለ እንዳይቀነስ ደነገጉ። ከአርቃቂዎቹ አንዱ ጄምስ ማዲሰን ጭማሪም እንዲከለከል ፈልገው ነበር፤ ጭማሪ የሚጠብቅ ዳኛ ምክር ቤቱን ደጅ ይጠናል ብለው ሰጉ። የገንዘብ ዋጋ መለዋወጥ ሲነሳባቸው ስንዴ መለኪያ ይሁን አሉ። ጉባኤው ግን አልተቀበላቸውም፤ መቀነስን ብቻ ከለከለ።

የኑሮ ውድነት ሲመጣ አለመቀነስ ብቻውን እንደማይበቃ እንግሊዝ አሳየች። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ደመወዝ በ1832 በዓመት 5,000 ፓውንድ ሆኖ እስከ 1954 ከዚያ አላለፈም። በ1931 የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜማ መንግሥት 20 በመቶ ሲቆርጥባቸው ዳኞቹ ነጻነታችን ተነካ ብለው ተቃወሙ።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 ሌላ መንገድ አበጀ። ዳኞች ከመንግሥት ጋር በደመወዝ አይደራደሩም፤ በመካከል ገለልተኛ ኮሚሽን ይቆማል፤ ምክሩን የማይቀበል መንግሥት ምክንያቱን መግለጽ አለበት።

በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንዲያስወስንና ሲፈቀድም እንዲያስተዳድር ያደርጋል። በጀት ማቅረብ ግን የደመወዙን ልክ አይነግርም። ለዳኛው ተገቢውን ክፍያ የሚያጠና፣ በተወሰነ ጊዜ ኑሮውን እየመዘነ የሚከልስና ምክሩን ለሕዝብ የሚያሳውቅ ገለልተኛ አካል ያስፈልጋል። በልመና የሚጨመር ደመወዝ የሚከፈለው በመጨረሻ ከባለጉዳዩ ፍትሕ ላይ ነው።