አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም፦ «ኢንዲፈረንስ» እና ግዴለሽነት በጋምቤላ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ



ስለ ምዕራቡ ጠረፋችን በእንግሊዝኛ የተጻፉ የታሪክ ሥራዎችን ስናነብ «ኢንዲፈረንስ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይገጥመናል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ብዙ ጊዜ «ግዴለሽነት» እንላለን። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። የጎደለው ክፍል ደግሞ ስለዚህ አካባቢ በምንሰጠው የታሪክ ፍርድ ላይ ለውጥ ያመጣል።

የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ «ልዩነት አለማድረግ» ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ይህ ቅጽል ለዳኛ ሲነገር ምስጋና ነበር፤ ለባለጸጋና ለድኻ ሳያዳላ የሚፈርድ ማለት ነውና። በጊዜ ሂደት ለማንም የማያዳላው ሰው ስለማንም የማይገደው ሆነና ቃሉ ወደ ነቀፋ ዞረ። የአማርኛው ቃል መነሻ ሌላ ነው። ግዴለሽ ማለት ግድ የለሽ፣ ግዴታ የማይሰማው ማለት ነው። ቸልተኝነት አይቶ ማለፍን፣ ደንታ ቢስነት የልብን መራራቅ ያመለክታል። ሦስቱም ስለ ሰውየው ስሜት ይናገራሉ። እንግሊዝኛው ግን በሥሩ ስለ አመለካከት ነው፦ ተመልካቹ በፊቱ ያሉትን ነገሮች ይለያል ወይስ አይለይም?

ይህን ልዩነት በሁለት ሰነዶች እንፈትሽ። የመጀመሪያው ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የተፈራረሙት ውል ነው። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ወሰኑን በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች አሳልፎ 6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና 35 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ እስከሚገናኙበት ነጥብ ያደርሰዋል። በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚከራየው ቦታም ተለክቷል፦ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ። ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ቆመ፤ ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይህን ውል ያረቀቁ ሰዎች በአማርኛው ትርጉም ግዴለሾች አልነበሩም። ሜትርና ሄክታር ቆጥረዋል፤ የዓባይ ውኃ ነገር እጅግ ገዷቸዋል። ነገር ግን ወንዝ ለአኙዋና ለኑዌር መኖሪያ እንጂ ድንበር እንዳልነበረ የሚያሳይ አንቀጽ አላኖሩም። ሕዝቡ ከመስመሩ ወዲያና ወዲህ ቀረ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ አኙዋ ፖለቲካዊ ሥርዓት ያሳተመው ጥናት ርእስ ራሱ ሕዝቡን «የእንግሊዝና የግብፅ ሱዳን» አኙዋ ይለዋል። የውሉ መስመር ከ38 ዓመት በኋላ የመጽሐፍ ርእስ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰነድ ወደዚህ ወደ መቲ ያቀርበናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ገበሬ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ፈቀደ። ዓላማው አድልዎን ማጥፋት ነበርና በቃሉ የጥንት ትርጉም ያልተዳላበት ሕግ ነው። ርስትና ጭሰኝነት በነበረበት አገር ይህ ታላቅ ፍትሕ ነበር። የማጃንግ ሕዝብ አኗኗር ግን ሌላ ነው። ጃክ ስታውደር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደተገለጸው፣ ማጃንግ ደን መንጥሮ ይዘራል፤ ማሳው ሲደክም ለደኑ ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ንብ ያነባል። ያ የተተወ ማሳ በአራሽ ዓይን ጠፍ ነው፤ በማጃንግ ዘንድ ግን የሚያርፍ መሬት ነው። በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም ባለቤት አለው። በሚታረስ ሄክታር ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም። እዚህ ላይ አለማዳላት፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አለማየት ይሆናል።

ስለዚህ ግዴለሽነት የሚለው ቃል ብቻውን የተሳሳተ ክስ ሊያስከትል ይችላል። ባለሥልጣን ግዴለሽ ነበር ካልን መፍትሔው ገር ልብ ያለው ባለሥልጣን መሾም ይሆናል። ችግሩ በመለኪያው ውስጥ ከሆነ ግን ቅን ልብ አይበቃም፤ መለኪያው ራሱ መመርመር አለበት። በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የማጃንግን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግብ፣ ደኑን ከነሰዉ የሚያይ ሌላ መለኪያ እንደሚቻል ታይቷል። መለኪያው በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር በዚህ አዳራሽ ያላችሁት የእናንተ ሥራ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ በጥናታችሁ «መንግሥት ግዴለሽ ነበር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሰነዱ ምን እንደቆጠረና ማንን ሳይቆጥር እንዳለፈ ዘርዝሩ። ቆጥሮ ያለፈው ከሆነ ቸልተኝነት በሉት፤ ከነጭራሹ ካልለየው ግን ያንን በግልጽ ጻፉ፤ አንድ የአማርኛ ቃል ባይበቃ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።