ሀሽ ወይስ ትራይ? መጀመሪያ "ማን ነው የሚሞላው?" በሉ

ወዳጆች፣ በተለይ ዳታ ስትራክቸር ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ። "ሀሽ ቴብል ይሻላል ወይስ ትራይ?" ስላችሁ ብዙዎቻችሁ "ሀሽ! ፈጣን ነዋ" ትሉኝ ነበር። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተር ለሚመጣለት ፓኬት ሁሉ መውጫውን ከሠንጠረዥ ይፈልጋል። ብዙ መንገዶች ከገጠሙ በጣም ዝርዝሩን ይመርጣል፤ "አዲስ አበባ" እና "አዲስ አበባ፣ ቦሌ" ቢገጥሙ ቦሌ ያለው ያሸንፋል።

የበርክሌይ ዩኒክስ ሰዎች ለዚህ ዛፍ መረጡ፤ መሠረቱ ዶናልድ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ፓትሪሺያ የተባለው ዘዴ ነው። ሊኑክስ ግን ወደ ሀሽ ሄደ። አድራሻው 32 ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 32 ላለው ርዝመት ሁሉ አንድ አንድ፣ ማለትም እስከ 33 የሀሽ ሠንጠረዥ ይይዛል። ከፊቱ ደግሞ በቅርብ የተፈለጉትን የሚያስታውስ ካሽ ተቀመጠለት። ሰላም በሆነ ቀን እጅግ ፈጣን ነበር።

በ2003 ጉዱ ወጣ። ካሹ የላኪውንም አድራሻ ይጠቀም ስለነበር፣ ተንኮለኛ ሰው የውሸት አድራሻ እየመረጠ ፓኬቶቹ ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ እንዲወድቁ ማድረግ ቻለ። ያ ሁሉ ፍጥነት የዳቦ ሰልፍ ሆነ! ስሌቱ ውስጥ ሚስጥራዊ ቁጥር ጨምረው ጠገኑት። ይሁንና ካሹን የሚሞላው አሁንም ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነበር።

በ2005 ስዊድናዊው ሮበርት ኦልሰንና ባልደረቦቹ የአገራቸው ልጆች ኒልሰንና ካርልሰን በ1999 ባሳተሙት ጥናት ላይ ተመሥርተው ትራይ ወደ ከርነሉ አስገቡ። በ2011 የድሮው የሀሽ ሠንጠረዥ ወጣ። በ2012 ደግሞ የኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊ ዴቪድ ሚለር ካሹን ራሱን ከነሥሩ ነቅሎ ጣለው። አንዳንዱ ፍለጋ ቀርፋፋ እንደሚሆን እያወቀ ነው ያደረገው። በሰላሙ ቀን ትንሽ መዘግየት፣ በክፉው ቀን ከመውደቅ ይሻላል ብሎ።

ቺፕ ላይም ጣጣው ያው ነው። ነሐሴ 2014 (በእነሱ ኦገስት 12) የዓለም የኢንተርኔት መንገዶች ብዛት ከ512 ሺህ ሲያልፍ፣ ሲስኮ ካታሊስት 6500ን የመሳሰሉ የቆዩ ስዊቾች የተመደበላቸው ቦታ ሞልቶ በየቦታው መስተጓጎል ደረሰ። እዚህ ተንኮለኛ አልነበረም፤ ግን ሠንጠረዡን የሚሞላው ያው የውጭ ሰው ነበር።

ስለዚህ የስዊች ድራይቨር የምትጽፉ ልጆች፣ ስለ ፍጥነት ከመከራከራችሁ በፊት "ቁልፉን የሚመርጠው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የፖርት ቁጥር ከሆነ ብዛቱን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ተራ አሬይ ይበቃል፣ ማንም አያሾፍባችሁም። የማክ አድራሻ ከሆነ ግን ኬብል የሰካ ሁሉ የፈለገውን ይልካል፤ ሀሽ ጥሩ ነው፣ ግን ገደብ አብጁለት፣ ሲሞላ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ወስኑ። የአይፒ መንገድ ከሆነ ደግሞ በክፉው ቀን ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ቁጠሩ።

በእኔ እምነት የዳታ ስትራክቸር ምርጫ ማንን እንደምናምን መወሰንም ነው። እናንተስ? ሥራ ላይ የገጠማችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።